ዲሲ ስትመጡ መጀመሪያ ስለ ጫማ አስቡ

ዋሽንግተን ዲሲ እመጣለሁ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጫማው ነው። አዲስ ገዝቶ ከሆነ እግሩ እስኪለምደው ቤት ውስጥ እያደረገው ይቆይ። የዚህ ከተማ ጉብኝት በአብዛኛው በእግር ነው። ከኮንግረስ ሕንጻ እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው ናሽናል ሞል የሚባለው መስክ፣ መሄጃው ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ካርታ ላይ ሁሉም ጎን ለጎን የተደረደረ ይመስላል። ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱበት ግን ሌላ ነው።

የምኖረው ከዲሲ ጋር በምትዋሰነው፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለብዙ ዓመት ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ መኪና የት እንደሚቆምና ዘመድ የት ላይ እንደሚደክመው አውቃለሁ። ከአገር ቤት ለምርቃት ሲመጡም፣ የአጎት ልጅ ከአትላንታ ብቅ ሲልም፣ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ምግቡን ትይዛለች፣ እኔ መንገዱን።

ዲሲ ውስጥ ምርጥ የምለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በነጻ ነው። ሳይዘጋጁ የመጡ ግን ይከፍላሉ፤ ለፓርኪንግ፣ ለቅጣት፣ ለውሃ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት፣ እዚህ የምጽፈው ሰዓትና ዓመት በሙሉ የፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ 10 ስል እኛ 4 የምንለው ነው። በዚህ ምክንያት የትኬት ሰዓቱ ያለፈበት ዘመድ አይቻለሁ።

መኪናውን ቤት ተዉት

የፓርኪንግ ሰው ሆኜ ይህን ማለቴ ያስቅ ይሆናል። ግን ለዘመድ እውነቱን መናገር ነው። ዲሲ ውስጥ አንድ ምሰሶ ላይ ሦስት አራት ታፔላ ተሰቅሎ ታያላችሁ። አንዱ ሁለት ሰዓት መቆም ይቻላል ይላል። ሌላው ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጨርሶ አይቻልም ይላል። ሦስተኛው ለሰፈሩ ነዋሪ ብቻ ይላል። ሁሉንም አንብቡና ከሁሉም የሚከለክለውን ታዘዙ። በሥራ መውጫ ሰዓት የተከለከለ መንገድ ላይ የቆመ መኪና በቅጣት ወረቀት ብቻ አይታለፍም፤ ተጎትቶ ይሄዳል። ከዚያ መኪና ፍለጋ ከተማ መዞር ነው።

የፍጥነት ካሜራውም አለ። ባዶ በሚመስል ሰፊ መንገድ ላይ ተተክሎ ይጠብቃችኋል፤ ቅጣቱም ከ100 ዶላር ይጀምራል። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ ጉብኝቱን ጨርሶ ሲያወራ ካርዱ ላይ ተቆርጦ ያገኘዋል።

ሜትሮው ይሻላል። ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ስማርትሪፕ የሚባለውን ካርድ ከጣቢያው ማሽን ግዙ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ስትገቡ ታስነኩታላችሁ፣ ስትወጡም ታስነኩታላችሁ፤ ሒሳቡ በርቀት ነውና። ስለዚህ ለባልና ሚስት አንድ ካርድ አይሆንም፣ ለየራስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይረክሳል። በኤሌክትሪክ ደረጃው ላይ በቀኝ በኩል ቁሙ፣ ግራውን ለሚቸኩል ልቀቁ። ጎን ለጎን ቆማችሁ ወግ ከያዛችሁ ከኋላ ጉርምርምታ መስማታችሁ አይቀርም። ባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ቆሎውን ከቦርሳ አታውጡት።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወደ እኛ ሰፈር ስትመለሱ ዊተን ጣቢያ ውረዱ። ደረጃው 70 ሜትር ይረዝማል፤ በአሜሪካ አህጉራት ከዚህ የሚረዝም የለም። ልጆቹ ከሙዚየሙ ሁሉ ይህን ነው የሚያስታውሱት።

ቀኑ ለሙዚየም

በመስኩ ግራና ቀኝ ያሉት ትልልቅ ሙዚየሞች አብዛኞቹ የስሚዝሶኒያን ናቸው። ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነበር። አሜሪካን አንድ ቀን ሳይረግጥ ሀብቱ ለዚህች አገር እንዲደርስ ተናዘዘ። ተቋሙ በ1846 የተመሠረተው በዚያ ገንዘብ ነው። መግቢያ አይከፈልም። አብዛኞቹ ከጠዋቱ 10 እስከ 5:30 ክፍት ናቸው፤ በዓመት የሚዘጉት ዲሴምበር 25 ብቻ ነው። በቀን ከሁለት በላይ አታስቡ። አራት እናያለን ብለው የሚነሱ እንግዶች ሦስተኛው ላይ የሚያዩት ወንበር ብቻ ነው።

አንድ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ፣ በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ይሁን። ከዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ ያለው፣ ሦስት ቅርጫት የተደራረበ የሚመስል ቡናማ ሕንጻ ነው። ነጻ ነው፣ ግን ሰዓት ያለው ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ካመለጣችሁ ደግሞ የዕለቱ ትኬት ጠዋት ይለቀቃል፤ በስልካችሁ ጠብቁት።

እንደገባችሁ ወደ ላይ አትውጡ። ትልቁ ሊፍት ወደ ታች ይወስዳችኋል፤ ስትወርዱ ግድግዳው ላይ ዓመቶቹ ወደ ኋላ ይቆጠራሉ፣ እስከ 1400ዎቹ። ከዚያ ከባሪያ ንግዱ ጀምራችሁ በእግራችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ የሚሳፈርበት የባቡር ፉርጎ ራሱ እዚያ አለ። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለው የ14 ዓመቱ ልጅ የኤሜት ቲል የመጀመሪያ ሣጥንም እዚያ ነው። እሱ ጋ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ማንም ሊያነሳ የሚዳዳው አይመስለኝም። የታችኛው ክፍል ብቻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ስትጨርሱ ውሃ ከጣሪያ የሚወርድበት ጸጥ ያለ አዳራሽ አለ፣ አረፍ በሉበት። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ የሙዚቀኛውን የቸክ ቤሪን ቀይ ካዲላክ መኪና ስታዩ ትንሽ ይቀላችኋል። ሥሩን ሳያዩ ላዩን ብቻ አይተው የሚወጡ አሉ። ቲያትሩን ከመጨረሻው ትዕይንት የጀመሩ ያህል ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ከዚያ የተፈጥሮ ታሪክ። የተፈጥሮ ታሪኩ ውስጥ ሰው ሁሉ 45.52 ካራት የሚመዝነውን ሰማያዊ ሆፕ አልማዝ ሊያይ ይጋፋል። እዩት፤ ከዚያ ወደ ሰው ልጅ አመጣጥ አዳራሽ ሂዱ። የድንቅነሽን ዝርያ ፊት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ቀርጸው አስቀምጠውታል። አማቴ ትክ ብለው አይተው «ይቺ የኛ ናት» ብለው ጎናቸው ላሉት ፈረንጆች በአማርኛ አስረድተዋል። እውነተኛው አጥንት ያለው አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ስትመለሱ እፍረታችሁን ውጡ።

የጠፈርና የአየር ሙዚየም ትኬት በሰዓት ነው፣ ነጻ ነው፤ ራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን እዚያ አለ። ሥዕል የሚወድ ናሽናል ጋለሪ ይግባ፤ በአሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታየው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ብቸኛ ሥዕል እዚያ ነው።

ኮንግረስ ሕንጻን ለማየት በኢንተርኔት አስይዙ፣ አስጎብኚ አላቸው፣ አይከፈልም። ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም፤ የውሃ ጠርሙሳችሁም ባዶ መሆን አለበት፣ ውስጥ ትሞሉታላችሁ። ብዙ ሰው ጉብኝቱ ሲያልቅ በዋናው በር ወጥቶ ይሄዳል። እናንተ ግን ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚወስደውን የምድር ውስጥ መተላለፊያ ጠይቁ። በዝናብም በብርድም ጃኬት ሳትደርቡ ትደርሳላችሁ። ለቤተ መጻሕፍቱ የተለየ የሰዓት ትኬት ያስፈልጋል፣ እሱም ነጻ ነው፤ እሁድና ሰኞ ዝግ ነው። በ1897 የተከፈተው ይህ ሕንጻ በውስጥ ውበቱ ለእኔ ከኮንግረሱ ይበልጣል። ጣሪያውን እያያችሁ ሰው እንዳትገጩ። ትልቁን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ኬን የሰበሰባቸው የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፎችም የተቀመጡት በዚሁ ተቋም ነው። ለጎብኚ ተዘርግተው አይታዩም፤ ለጥናት የሚፈልግ የአንባቢ ካርድ አውጥቶ ይጠይቃል።

ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞቹ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳሉ። እናቶች በመጀመሪያ እምቢ ይላሉ። «እኔ ምን ሆኜ!» ይባላል። አትከራከሩ። ወንበሩን ውሰዱና ቦርሳና ጃኬት ጫኑበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቦርሳው ይወርዳል፣ እሳቸው ይቀመጣሉ።

ማታው ለመታሰቢያዎቹ

ሐውልቶቹን በቀትር የሚያይ ሰው ያሳዝነኛል። ጥላ የለም፣ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ አለ፣ ድንጋዩ ዓይን ይወጋል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ መብራት አላቸው፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። መኪና የግድ የሚሆነው ለዚህ ብቻ ነው፤ ማታ ማቆሚያም ይገኛል። እኔ የምጀምረው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በ2011 የቆመ፣ ዘጠኝ ሜትር የሚሆን ድንጋይ፣ ከፊቱ ውሃ። አድራሻው 1964 ኢንዲፔንደንስ ጎዳና ነው፤ ቁጥሩ የሲቪል መብት ሕጉ የወጣበት ዓመት ነው። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ከመጣችሁ በውሃው ዙሪያ ያለው የቼሪ ዛፍ ሁሉ አብቦ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 3,000 ያህል ዛፎች በ1912 ከቶኪዮ የመጡ ስጦታ ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን መኪና የሚባል ነገር አታስቡ።

ከዚያ ወደ ኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ተሻገሩ። ከሐበሻ ጋር ስሄድ ረጅም ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው። የዝናብ ልብስ የደረቡ 19 የብረት ወታደሮች ሣሩ ውስጥ ተበታትነው ይሄዳሉ። ከሰው ይገዝፋሉ። ማታ ፊታቸው ላይ ብቻ መብራት ይወድቃል፤ አንዱ ዞር ብሎ የሚያያችሁ ይመስላል። ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ጥላቸው ሲታይ 38 ይሆናሉ፤ ኮሪያን የከፈለው 38ኛው መስመር ነው።

ሁሉም ሰው ወታደሮቹን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እናንተ በሰሜን በኩል፣ መሬት አጠገብ ያለውን የድንጋይ ጠርዝ ተከትላችሁ ሂዱ። የተሳተፉት 22 አገሮች ስም በፊደል ተራ ተቀርጿል። ዴንማርክና ፈረንሳይ መሃል ኢትዮጵያ አለች። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ በየተራ ዘምተው ነበር። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ስሙን ራሱ ይፈልገው፤ የት እንዳለ አትንገሩት።

ሊንከን ከዚያ ሁለት ደቂቃ ነው። ደረጃውን ስትወጡ ኪንግ በ1963 ንግግሩን ያደረገበት ቦታ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ከላይኛው ወለል 18 ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ፈልጉት። ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። ውስጥ ገብታችሁ በቀኝ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የፊደል ስሕተት አለች። ቀራጩ ኤፍ ማድረግ ሲገባው ኢ አድርጎ ጀምሮ፣ ኋላ የታችኛዋን መስመር ሞልተውባታል። አሻራዋ አሁንም ይታያል። ልጆቹን ለማቆየት ጥሩ ጨዋታ ነው።

ስትወርዱ በግራ በኩል የቬትናም ግድግዳ አለ። ከ58,000 በላይ ስም። ንድፉን ስታወጣ ማያ ሊን 21 ዓመቷ ነበር፣ ተማሪ ነበረች። ድምፅ ቀንሱ፤ ስም በእርሳስና በወረቀት የሚገለብጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ።

የዋሽንግተን ሐውልት ላይ መውጣት የሚፈልግ ቀድሞ በኢንተርኔት ያስይዝ፣ አንድ ዶላር ነው። ወይም ጠዋት በግዜ ተሰልፎ የዕለቱን ነጻ ትኬት ይቀበል። ከታች ቆማችሁ ስታዩት የድንጋዩ ቀለም ሲሦ ያህል ላይ ይለወጣል። ገንዘብ አልቆ ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ነበር፤ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣ። እንደኛ አገር የቆመ ፎቅ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ እላለሁ ለእንግዶቼ።

አርሊንግተን

አርሊንግተን የሚባለው የወታደሮች መቃብር በሜትሮው ሰማያዊ መስመር ይደረሳል። መታወቂያ ያዙ። ኮረብታ ነው፣ ስለዚህ እዚህም ጫማ። ስሙ ያልታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ዘቡ 21 እርምጃ ሄዶ 21 ሰከንድ ይቆማል፤ ለውጡ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀረው ጊዜ በየሰዓቱ ነው። ከኬኔዲ መቃብር ያለችው እሳት አትጠፋም። ኬኔዲ ኖቬምበር 25 ቀን 1963 ሲቀበር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለቀስተኞች መሃል ነበሩ። የመሪዎቹን ሰልፍ ፎቶ ፈልጉ፤ ከረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጋር ከፊት የሚታዩት ንጉሡ ናቸው። ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ኮረብታውን ይረሱታል።

ስለ ምግብና ስለሚታለፍ ነገር

መስኩ ዳር ከቆሙት የምግብ መኪኖች ዋጋ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ከኋይት ሐውስ አጥር ላይ ፎቶ ተነሱና ቀጥሉ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አይገባውም።

የእኛን ምግብ ፍለጋ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ አካባቢ መሄድ ይቻላል፤ እዚህ ከምንኖር ብዙዎቻችን ግን የምንበላው ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነው። ዩ ስትሪት ከሄዳችሁ ቤንስ ቺሊ ቦውልን እዩ። ከ1958 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። በ1968 ኪንግ ተገድሎ ሰፈሩ ሲቃጠልም አልዘጋም። ሃፍ ስሞክ የሚሉት ቋሊማቸው በልማድ የበሬና የአሳማ ሥጋ ድብልቅ ነው፤ የማይበላ ሰው ሳያዝ ይጠይቅ። ከዚያ በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ስትሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው። ከፊት ለፊቱ የፊልም ባለሙያው ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ የከፈቱት ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት አለ። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ከሙዚየም ድካም በኋላ ጥሩ ማረፊያ ነው።

የጾም ወቅት ካልሆነ ዋርፍ የሚባለው የወንዝ ዳር የዓሣ ገበያ ይጣፍጣል። ከ1805 ጀምሮ ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ሸርጣኑ በቅመም ተቀቅሎ ይሰጣችኋል፣ በመዶሻ እየሰበራችሁ ትበላላችሁ። አክስቴ አይታው ፊቷን አዞረች። ዓሣው ግን ተስማምቷታል።

የመሄጃ ቀን

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አውሮፕላን የሚያርፈው ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ነው፤ ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር አታምታቱት። ከ2022 ጀምሮ የሲልቨር መስመር ባቡር እዚያ ድረስ ይገባል። ግን አራት ሻንጣ ላለው ሐበሻ ባቡር አልመክርም። ለመቀበልም ለመሸኘትም በመኪና ከሄዳችሁ፣ አጠገቡ ያለውን የኡድቫር ሄዚ ሙዚየም አትለፉት። የመሃል ከተማው የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛ ቤት ነው። ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሙሉዋን ቆማለች፤ ኮንኮርድም አለ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለው አውሮፕላንም። ከማማው ላይ አየር ማረፊያው ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ማየት ይቻላል።

መግቢያው ነጻ ነው፣ ፓርኪንጉ 15 ዶላር። ከ4 ሰዓት በኋላ የገባ መኪና አይከፍልም፤ ሙዚየሙ የሚዘጋው 5:30 ነው። በዚያ ሰዓት ከገባችሁ የመግቢያውን አዳራሽ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ዲስከቨሪ ሂዱ። ሻንጣውን ግን ቤት ሳላችሁ መዝኑት።